ቅባትና ካራ፣ ቅቤና ጩቤ፤ ስለ አንድ ነቀፌታ ቃል አመጣጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትርጉም ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ ከቻርልስ ዲክንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» አንድ ምንባብ ሰጥቼ ነበር። ልብ ወለዱ በ1850 በመጽሐፍ መልክ የወጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ)። ምንባቡ ኡራያ ሂፕ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚታይበት ነው። ሂፕ እጁን እያሻሸ ትሑትነቱን የሚደጋግም፣ ሲያነብ ጣቱ በገጹ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ እርጥብ መስመር የሚተው፣ አሠሪውን እያገለገለ ከሥር ከሥሩ የሚገዘግዝ ጸሐፊ ነው። እንግሊዞች ለእንዲህ ያለው ሰው «አንክቹየስ» የሚል ቅጽል አላቸው። እማሬያዊ ፍቹ «ቅባታም» ማለት ነው። ፍካሬያዊ ፍቹ ግን ደግነቱና ጨዋነቱ ከልብ ያልመነጨ፣ ከላይ የተለቀለቀ ሰው ማለት ነው።

ለዚህ ቃል አማርኛ ፈልጉለት አልኳቸው። «ግብዝ» አለ አንዱ፤ «አስመሳይ» አለች ሌላዋ፤ «ሸንጋይ»፣ «አጎብዳጅ»፣ «ሙልጭልጭ» የሚሉም መጡ። ሁሉም ደኅና ናቸው። እኔ ግን ቅባቱ ከሥዕሉ እንዳይጠፋ ፈለግሁና «ለምን ‹ቅባት ሰው› አንለውም?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ መስመር የተቀመጠ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ አንድ ተማሪ ግን አልሳቀም።

ትምህርቱ ሲያበቃ በር ላይ ጠበቀኝ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፤ «ያ ቃል እኮ አያቴን የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ነው።» የጥንቱ የቅባት ሃይማኖት ተከታዮች ልጅ መሆኑ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም የተያዘ መምህር ወደ ሰዋስው ሸሸሁ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሊኖረው እንደሚችል፣ ያኛው ቅባት ሌላ ይኸኛው ቅባት ሌላ እንደሆነ አስረዳሁት። አዳመጠኝና፣ «ታዲያ ስድቡ ከሃይማኖቱ ስም አልመጣም ብለው እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልሰጠው ያልቻልኩት መልስ ነው።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በእንግሊዝኛው ዘንድ የሆነው ልክ እሱ የፈራው ነውና። ቃሉ የመጣው መቀባት ከሚል የላቲን ግስ ነው፤ ከዚያው ግስ የቤተ ክርስቲያናቸው የቅብዐት ምሥጢር ስምም ወጥቷል። በመጀመሪያ ቅጽሉ ለሥጋ፣ ለአፈርና ለመድኃኒት የሚነገር ተራ ቃል ነበር። በሌላ በኩል በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም ልብን የሚነካ ስብከት «ቅብዐት አለው» ይባል ጀመር። ቀጥሎ ሰው ሠራሹ መጣ፤ ቅብዐት የሌላቸው ሰባክያን ቅብዐት እንዳላቸው ሆነው ድምፃቸውን ማለስለስ ሲይዙ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቅጽሉ የለበጣ መንፈሳዊነት መጠሪያ እየሆነ ሄደ። የሞልየር «ታርቱፍ» በ1664 መድረክ ላይ ሲወጣ ሰውየው ቀድሞ ነበረ፤ ቃሉ የደረሰበት ቆይቶ ነው። እንግዲህ በአውሮፓ ቅዱሱ ቅባት ራሱ ወደ ስድብ ወርዷል ማለት ነው። በእኛስ?

ከሥሩ እንጀምር። የግእዙ ግስ በቤተ ክህነት ጽሕፈት ብዙውን ጊዜ በዐይኑ «ዐ» «ቀብዐ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዲልማን በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት በአልፉ «አ» ያስገባዋል። ለአሁኑ ነገራችን ልዩነቱ ብዙ አይጎዳም። ከዚህ ሥር ቅብዕ፣ ቅብዐት፣ ቅቡዕ ይወጣሉ። የግእዙ ቅብዕ ዘይትንም ሽቱንም ስብንም ቅቤንም ያጠቃልላል። ወደ አማርኛ ሲሻገር የጉሮሮው ድምፅ ይጠፋል፤ ግሱ «ቀባ» ይሆናል። «ቅቤ» ከዚሁ ሥር መሆኑንም የሥርወ ቃል ተመራማሪዎች ይቀበሉታል። ስለዚህ በአማርኛ ንጉሥ ይቀባል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ጫማ ይቀባል፣ አናት ይቀባል፣ የሰው ስምም ጥላሸት ይቀባል። በዕብራይስጥ መሲሕ፣ በግሪክ ክርስቶስ የሚባለው ስም ትርጓሜውም ይኸው «የተቀባ» ነው። ከዚህ በላይ የከበረ፣ ከዚህ በላይም የተዋረደ ግስ በቋንቋችን ፈልጌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጎንደር እንውጣ። ከተማዋ በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ ስትቆረቆር የቅባት ነገር አብሯት ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ መቀበላቸው፣ ከደም መፋሰስ በኋላም በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው መልቀቃቸው የታወቀ ነው። ኢየሱሳውያን ከአገር ወጡ፤ ያስነሡት ጥያቄ ግን አልወጣም። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ይላል። ሊቃውንቱ ሁሉ መለኮትና ሥጋ ተዋሕደዋል ብለው ያምናሉ። እንግዲያው ከተዋሐደ መቀባቱ ምን አደረገለት? ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሱ ግን ሁለት መቶ ዓመት በላይ አገር አመሰ።

በኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት ዘንድ ሥር የሰደደውና ጎጃምን ያዳረሰው ወገን፣ ሥጋ የከበረውና የባሕርይ ልጅነት ያገኘው በቅብዐት ነው አለ። በእሱ አነጋገር አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው። ስሙም ከዚህ የተነሣ «ቅባት» ተባለ። በደብረ ሊባኖስ ቤት የሚመራው ወገን ደግሞ ክብሩ የተገኘው በተዋሕዶ ነው አለ። ከዚህ ወገን ውስጥ እየቆየ መከፋፈል መጣ። አንዱ ቅብዐቱ ራሱ ወልድ ነው በማለት ጸና። ሌላው በቅብዐት የጸጋ ልጅነት ተገኘ፣ ይህም ከሁለቱ ልደታት ቀጥሎ እንደ ሦስተኛ ልደት ይቆጠራል አለ፤ «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያው ወገን ሦስተኛውን ልደት ቆረጠ በሚል «ካራ» የሚል ስም ወጣለት።

በፋሲለደስ፣ በቀዳማዊ ዮሐንስና በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተደረገ። ዐፄ ቴዎፍሎስ (1708–1711) ቅባትን ደገፉ፤ ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊም (1716–1721) እንዲሁ፤ በእሳቸው ዘመን የተቃወሙ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በዚያው በጎንደር በወታደር እጅ ተገደሉ። ነገሩ መቋጫ ያገኘው በ1878 በወሎ ቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ፣ ለተዋሕዶ ሲፈረድ ነው። ዛሬም በምሥራቅ ጎጃም በቅባት ስም የሚጠሩ ምእመናን አሉ። የተማሪዬ አያት አንዱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል፤ እኔም ወድቄበት ነበር። የሁለቱን ወገኖች ስም ጎን ለጎን አስቀምጡት፦ ቅባትና ካራ። አሁን ደግሞ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የሚያውቀውን አባባል አምጡ፦ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ»። በአንድ በኩል ቅባትና ቢላዋ፣ በሌላ በኩል ቅቤና ጩቤ! ይህን ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይደለም። አባባሉ የጎንደር ጉባኤ ትውስታ ነው፣ በቤተ መንግሥቱ ደጅ የሚመላለሱትን ሁለቱን ወገኖች ባላገሩ በአንድ ስንኝ ገጥሞ የሣቀባቸው ነው ብዬ ሁለት ገጽ ያህል ጻፍኩ። ሥርወ ቃል የሚያጠና ሰው ከሁሉ አብልጦ ሊፈራው የሚገባ እንዲህ ያለውን የሚያምር ግጥምጥሞሽ ነው። ሁለቱን ገጾች ቀድጄ የጣልኩባቸውን ምክንያቶች ልናገር።

መጀመሪያ የሰዎቹ ቁጥር አይገጥምም። አባባሉ የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ያው ሰው በአፉ ቅቤ በልቡ ጩቤ ይይዛል። ቅባትና ካራ ግን ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱም ወገን ሁለቱን አንድ ላይ አልያዘም። እንዲያውም የጎንደር ተከራካሪዎች ሊወቀሱበት የማይችሉት ነገር ቢኖር ልባቸውንና አፋቸውን መለየታቸው ነው። በልባቸው ያለውን በአፋቸው ስለተናገሩ ነው የተሰደዱትና የተገደሉት። አንዱ ሌላውን ከሰሰ ቢባል በክሕደት ነው እንጂ በማስመሰል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥነ ቃል ነው። «ልበ ካራ» ለምን አልተባለም? «ልበ ሰይፍ»ስ? ጩቤ የመጣው ከቅቤ ጋር ስለሚገጥም ነው። ሁለቱም ሁለት ፊደል፣ ሁለቱም በ«ቤ» የሚዘጉ ናቸው። የቃል ግጥም የሚሠራ ሰው ቅቤን አፉ ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ለልቡ መሣሪያ ሲፈልግ ቤት የሚመታለት ጩቤ ብቻ ነው። እንግዲህ መሣሪያውን የመረጠው ቤት መምታቱ ነው፤ ታሪክ እዚያ ውስጥ እጅ የለበትም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ ነው። ቅቤውንና መሣሪያውን አንድ ላይ ያደረገ ሥዕል ከጎንደር በብዙ መቶ ዓመታት የሚበልጥ ዕድሜ አለው፤ ያለውም ዳዊት ላይ ነው። በእኛ ቁጥር 54ኛው፣ በዕብራይስጡ 55ኛው መዝሙር፣ ዘማሪው የከዳውን ወዳጁን ይከስሳል። በዕብራይስጡ ንባብ ሁለት ጥንድ ሥዕሎች አሉ። የወዳጁ አፍ ከቅቤ ይለሰልሳል፣ ልቡ ግን ጦርነት ነው፤ ቃሉ ከዘይት ይለዝባል፣ ነገር ግን የተመዘዘ ሰይፍ ነው። በአክሱም ዘመን ዳዊትን ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት የተከተሉት ግሪኩን ስለሆነ ቅቤውን ለብቻው አያነሡትም፤ ንግግሩ ከቅብዕ ይልቅ ለሰለሰ የሚል ነው የሚገኘው። ቅብዕ ግን፣ ከላይ እንዳልኩት፣ በግእዝ ዘይትም ቅቤም ነው። የወይራ ዘይት ከሩቅ የሚመጣበት፣ ቅቤ ግን በየቤቱ የሚናጥበት የወገራና የስሜን ደጋ ልጅ ዳዊት ሲደግም ቅብዕ ሲል የሚታየው ምን ይመስላችኋል? የእናቱ ቅል ነው።

ዳዊት ደግሞ የተማረ ሰው ሁሉ ያለፈበት መጽሐፍ ነው። ንባብ የሚማር ልጅ የሚጨርሰው በዳዊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቄስም ይሁን ገበሬ እስኪሞት ይደግመዋል። በዚያው መጽሐፍ 140ኛው መዝሙር ላይ ደግሞ የኃጥእ ቅብዕ ራሴን አይቀባ የሚል ልመና አለ። ከእኛ ሊቃውንት ጋር ያልተገናኘው የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ (354–430) ይህን ሲተረጉም የኃጥእ ቅባት ሽንገላ ነው ይላል፤ ጻድቅ ቢገሥጸኝ ይሻለኛል፣ ሸንጋይ ራሴን ከሚያወዛልኝ። ስለዚህ ለስላሳ ቃልን በቅባት መመሰል ለመጽሐፍ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በሁለቱም መዝሙራት ላይ የሚነቀፈው ቅባቱ አይደለም። ወይ ቀቢው ነው፣ ወይ ከቅባቱ በታች ያለው ነገር።

ይህን ልዩነት እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ዳባት ገበያ ከእናቴ ጋር ነው። በልጅነቴ ቅቤ ልትገዛ ስትሄድ ከደጅ የለቀመቻትን ቀጭን ስንጥር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንዲት ሻጭ «እታለሜ፣ የራሴ ላም ቅቤ ነው፣ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ…» እያለች የማር ወለላ የመሰለ ቃል ስታፈስ እናቴ ፈገግ ብላ ስንጥሯን በቅቤው መሐል ሰደደቻት። ስንጥሯ ግማሽ መንገድ ስትደርስ ቆመች። ውስጡ የተቀቀለ ድንች ነበር። እናቴ አልተሳደበችም፤ ስንጥሯን ጠረገችና «አፍሽን አይደለም የምገዛው፣ እቴ» ብላ ወደ ቀጣይዋ ሻጭ ዞረች። ማታ ደግሞ ከዚያ ገበያ የመጣውን ለጋ ቅቤ በአናቴ ላይ ስታደርግልኝ «ጠጣው፣ ደርቆ ነበር» ትል ነበር። ጤነኛ ራስ ቅቤውን ይጠጣዋል፤ ላዩ ላይ አይቀርም።

ቋንቋውም የሚለየው በዚህ ነው። እስቲ ከዚህ ሥር የወጡትን የነቀፌታ ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። «አፈ ቅቤ» ነቀፌታ የሚሆነው ቅቤው አፍ ላይ ስለሆነ ነው፤ አናት ላይ ቢሆን ክብር ነው። «ቅብ» የሚለው ስም ለተለበጠ ነገር ይነገራል፤ «ወርቅ ቅብ» ማለት ወርቅ ያልሆነ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ ነቀፌታ አይደለም። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ እነዚያ የመላእክት ፊቶች ቅብ መሆናቸው ቅር አይለውም፤ እንጨት መሆናቸውን ማንም አልደበቀውምና።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የግሱ ድግግም ቅርጽ ነው። አማርኛ የግስን መካከለኛ ፊደል ደግሞ ድርጊቱን ያበዛዋል ወይም ክብደቱን ይቀንሰዋል፤ ቆረጠ ቆራረጠ፣ ነካ ነካካ እንደሚባለው። «ቀባ» ንጉሥ ሊቀባ ይችላል። «ቀባባ» ግን ንጉሥ አይቀባባም። «ነገሩን ቀባብቶ አቀረበው» ስንል የተሰነጠቀው እንዳይታይ ላዩን ለቀለቀው ማለታችን ነው። አንዲት ፊደል ስትደገም ሜሮኑ ወደ ኖራ ይለወጣል። የእንግሊዝኛው ቅጽል የተጓዘውን የመቶ ዓመታት መንገድ አማርኛ በአንድ የ«ባ» ድግግም ጨርሶታል፤ ስሙን «ቅባት»ን ግን አልነካውም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በጎንደርም ሆነ በደጋው ወረዳዎች አስመሳይን ሰው «ቅባት» ብሎ የሚሰድብ የለም። ቅባታም ምግብ አለ፣ ቅባታም ፀጉር አለ፤ ቅባታም ሰው ቢባል ሰሚው የሚረዳው ወዙን ነው።

ግብዝነትን በተመለከተ የግእዙ ወንጌል ራሱ ከቅባት ጋር የማይገናኝ ቃል መርጧል። ጻፎችና ፈሪሳውያን የሚወቀሱበት «መደልዋን» የሚለው ቃል ሥሩ መመዘን የሚል ነው፤ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል፣ ፊት አይቶ የሚያደላ ማለት ነው። የዛሬው «አድልዎ» ዘመዱ ነው። ለግእዙ ተርጓሚ ግብዝ ማለት ሚዛኑ የተበላሸ ሰው ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ጋር ተያይዘው ሳይነገሩ ቢቀሩ ቅር ይለኛል። አንደኛው ከስሜን ደጋ ነው። ጃናሞራ ውስጥ የምትገኘውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ሐሳባቸውም እዚያ ተቀብተው ሊነግሡ ነበር። በ1855 መጀመሪያ ላይ ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ ለውቤ በተዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን ካሳን ቀብተው ቴዎድሮስ አሏቸው። እስከ ትናንት ድረስ ለአንዱ ራስ የተጠበቀ ቅብዐት በሌላው ራስ ላይ ወረደ። ያኔ በዚያ የነበረ ካህንም ሆነ ወታደር «ይህ ቅብ ነው» ለማለት ምክንያት ቢፈልግ አያጣም ነበር። ነገር ግን ቴዎድሮስን የጠሉ ሁሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ አሏቸው፣ ጨካኝ አሏቸው፤ በቅብዐቱ ላይ ምላስ ማንሣት ግን ቀላል አልነበረም። ቃሉ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ይከብድ እንደነበረ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ሁለተኛው ነገር እኛን የሥነ ጽሑፍ ሰዎችን ይመለከታል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ የአማራውን ማኅበራዊ ኑሮ በቅኔው ዘይቤ ይፈታዋል። ሁለት ፍች ያለው ንግግር ለቅኔ ብቻ ሳይሆን ለመደበቅ፣ ለማታለልና ለመስደብም እንደሚያገለግል ያስረዳል። ብዙ ተማሪዎቼ ይህን ካነበቡ በኋላ ሰምና ወርቅን ከአፈ ቅቤነት ጋር አንድ አድርገው ይጽፉልኛል። በበኩሌ አልስማማም። አንጥረኛ በሰም ሲሠራ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ በቦታው ይቀራል። ባለቅኔ ሰሚው ሰሙን እንዲያቀልጠው ይጋብዘዋል፤ ሰሚው ወርቁን ሳያገኝ ቢቀር ያዘነው ባለቅኔው ነው። ወርቅ ቅብ ግን ተቃራኒው ነው። ወርቁ ከላይ ነው፣ ስስ ነው፤ ሠሪው የሚጸልየው ማንም እንዳይፍቀው ነው። ሁለቱም ሁለት ሽፋን አላቸው ብሎ አንድ ማድረግ እንጀራንና ጋዜጣን ሁለቱም ይታጠፋሉ ብሎ አንድ እንደማድረግ ይቆጠራል።

የጎንደር አዝማሪም እንዲሁ ይወቀሳል። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር መሆኗን ሁሉም ያውቃል። አዝማሪ በሰርግ ቤት ባለገንዘቡን አንበሳ ሲለው አፈ ቅቤ ነው እንዴ? አይደለም። ዋጋው ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ከሚከፍለው ይልቅ የማይከፍለውን ሲያሞግስ ብናየው ያኔ እንጠረጥረዋለን።

ለዲክንስ ሰውዬ ታዲያ ምን እንበለው? አማርኛ ለለስላሳ ቃል ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ግሦች አሉት። ማባበል ለሕፃንና ለታመመ ሰው ነው፤ ነውር የለበትም። ማቆላመጥ ፍቅርም ጥቅምም ሊሆን ይችላል። መደለል ጥቅም ያለበት ነው። መሸንገል ላይ ስንደርስ ግን ተሸንጋዩ እንደሚጎዳ እናውቃለን። ሂፕ ያለው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ «ሸንጋይ» ያለችው ልጅ ከእኔ በላይ ትክክል ነበረች። «ሸንጋይ» ቅባቱን ያጣል ብለን ከቅባቱ መለየት ካልፈለግን ደግሞ «አፈ ቅቤ» አለን። ጩቤውን መጨመር አያስፈልግም፤ ዲክንስ ራሱ ቀስ ብሎ ያወጣዋል።

«ቅባት ሰው» የሚለውን ስድብ ግን ማን ፈጠረው ብዬ በየመዝገበ ቃላቱም በሰውም ዘንድ ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። አውሮፓውያን በራሳቸው ታሪክ የደረሱበትን ፍች እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአማርኛው ላይ ለጠፍኩት፤ የለጠፍኩበትም ስም የሰው አያት ስም ሆኖ ተገኘ። የጎንደር ሊቃውንት በዚህ ቃል ምክንያት ተጣሉ፣ ተሰደዱ፣ ሞቱ፤ ትርጉሙን ግን አላረከሱትም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው፤ በሰሌዳው ላይ የጻፍኩትንም በፊታቸው አጠፋሁት። ልጁ ከኋላ መስመር እንደተቀመጠ ነበር። የመጨረሻ ረቂቁን ሲያስረክበኝ ኡራያ ሂፕን «አፈ ቅቤ» ብሎታል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፎልኛል፦ «መምህር፣ እጁ እርጥብ ነው ይላል እንጂ ቅባት ነው አይልም። ወዝ ነው ላብ?» ወደ እንግሊዝኛው ተመልሼ አየሁት። ላብ ነው።